የጥጉ ወራጅ ስንት ዲግሪ ይነሳል? (ከነመልሶቹ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ የሒሳብ ነው። የተገኘው ግን ጣሪያ ላይ ነው።

ደምበጫ አጠገብ፣ አባቴ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ቤት እየሠራሁ ነው። 6 በ6 ሜትር ናት። ጣሪያዋ አራት ክንፍ አለው። አራቱም መሃል ላይ ሄደው አንድ ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። ጫፉ ከግድግዳው ራስ 2 ሜትር ከፍ ይላል።

አናጢያችን ወራጆቹን በስንት ዲግሪ እንደሚቆርጥ ጠየቀኝ። ከተማ የተማረው እኔ ነኝና ወረቀት አወጣሁ። ከግድግዳው መሃል እስከ ቤቱ እምብርት 3 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር። ታንጀንቱ 2 ለ3 ሲካፈል ነው። ስልኬ 33.69 ዲግሪ ሰጠኝ። ያኔ የነበረኝን ኩራት አትጠይቁኝ። ሁሉንም በዚያው እንዲቆርጥ አዘዝኩት።

የመሃሎቹ ወራጆች ልክክ አሉ። ከአራቱ ጥግ የሚነሱት ግን እምቢ አሉ። አፋቸው ምሰሶውን ከላይ ይነካል፣ ከታች ጣት ያስገባል። ደግሞም አጠሩ። ሁሉንም በ4 ሜትር ነበር ያስቆረጥኩት። አራት ባህር ዛፍ ለማገዶ ሆነ። አናጢው ምንም አላለም። ዝም ማለቱ ነው የከበደኝ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የጥጉ ወራጅ አንግል ስንት ነው? ሁለተኛ፣ ሁለት ክንፎች በሚገናኙበት ጥግ ላይ የሚደፋውን ላሜራ ስንት ዲግሪ ላሳጥፈው? ግድግዳዎቹ በ90 ስለሚገናኙ ላሜራውም 90 ነው የሚል ጎረቤት አለኝ። አልተዋጠልኝም። ቬክተር አታምጡብኝ። ሳይን፣ ኮሳይን፣ ታንጀንት፣ በቃ። ግንቦት እያለቀ ነው፣ ክረምቱ አይጠብቀኝም።

ይህን ኢንተርኔት ላይ፣ አንድ የውይይት መድረክ ላይ ለጥፌ ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ማታ ስመለስ መድረኩ ሞልቷል። በሳምንት ውስጥ 30 መልስ ደረሰ። እያንዳንዱን እዚህ አልገለብጥም። በየቁጥራቸው ማን ምን እንዳለ ግን ልንገራችሁ።

1ኛው ደብረ ማርቆስ ላይ ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ነው። መጀመሪያ የአባቴን ጤና ጠየቀ። ስለ ባህር ዛፎቹም አጽናናኝ። ከዚያ ከጫፉ ላይ ቱንቢ እንዳወርድ፣ በሐሳቤም ቢሆን፣ አዘዘኝ። ቱንቢው የሚያርፈው እምብርቱ ላይ ነው። ከዚያ እስከ ግድግዳው መሃል 3 ሜትር ነው። እስከ ጥጉ ግን 3 ሜትር አይደለም። የ6 በ6 ወለል ከጥግ ጥግ በሰያፍ ሲለካ 8.49 ነው፤ ግማሹ 4.24። የቱንቢው ገመድ ያው 2 ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ቋሚ የተጋሩ ሁለት ጎነ ሦስቶች አሉ ማለት ነው። አንዱ አጭር እግር አለው፣ ሌላው ረጅም። እኔ የአጭሩን ዲግሪ ለረጅሙ ሰጥቼው ነበር። 2 ለ4.24 ሲካፈል 0.471፣ ዲግሪው 25.24። ርዝመቱም በፓይታጎረስ 4.69 ሜትር፣ ክፈፉ ሳይጨመር። መምህሩ በተለመደው ትሕትናው ሥዕል ብልክለት እንደሚሻል ጨምሮ ተሰናበተ።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ በዚህ አለቀ። እዚያው ቢቆም ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

2ኛው ስልክ ላይ የሚጫን መለኪያ አለ፣ ለምን ትደክማላችሁ የሚል ነው። 3ኛው የትኛው ስልክ ላይ እንደሚሠራ ጠየቀው። እንለፋቸው።

4ኛው የባሕር ዳር ልጅ ነው፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪ። ቬክተር አታምጡብኝ ማለቴን አንብቦ ቬክተር አመጣ። ከሁለቱ ክንፎች ቀጥ ብለው የሚወጡ ሁለት መስመሮችን ወሰደ። አንዱ 2፣ 0፣ 3፤ ሌላው 0፣ 2፣ 3። አባዛቸው፣ ደመራቸው፣ 9 ወጣ። ለርዝመታቸው ብዜት ለ13 አካፈለው። የኮሳይኑ መልስ 46.19 ዲግሪ ነው ብሎ ነጥብ አደረገ። ሁለት መስመር ብቻ። ሰላምታ እንኳ የለውም።

ነገሩ የጋለው 5ኛው ላይ ነው። የቡሬ አናጢ ነው፤ 20 ዓመት ጣሪያ ላይ እንደኖረ ነገረን። በውስጡ 46 ዲግሪ የሆነ የጣሪያ ጥግ የቁራ አፍ እንጂ ጣሪያ እንደማይባል ጻፈ። ልጁን መሰላል ላይ ወጥቶ ያውቅ እንደሆነም ጠየቀው። ልጁ በ6ኛው ዝም አላለም። ሒሳብ መሰላል እንደማያስፈልገው፣ የማይገባው ሰው መጠየቅ እንደሚችል መለሰ። ታላቁን እንዲህ ይመልሳል ወይ ብለው ሦስት ሰዎች ምልክት አደረጉበት።

በ7ኛው መምህሩ ገባ። እንዲህ ያለ አስታራቂ አይቼ አላውቅም፤ ሁለቱንም ትክክል አደረጋቸው። የልጁ 46.19 ከክንፎቹ ቀጥ ብለው በሚወጡት መስመሮች መካከል ያለው ነው። ያ ደግሞ ዝርግ ላሜራ ስንት ዲግሪ እንደሚታጠፍ ይነግራል። ከታጠፈ በኋላ በውስጥ የሚቀረው 180 ሲቀነስ 46.19 ነው፤ 133.81። አናጢው የሚያየው ይህንን ነው፣ ገርበብ ያለውን። ላሜራ የሚያጥፈውን ሰው ቁጥሩን የሚፈልገው ከዝርጉ ጀምሮ ነው ወይስ በውስጥ ብዬ አስቀድሜ እንድጠይቀውም መከረኝ። እኔ ብሆን 46 ብዬ ልኬ ጣሪያዬ ላይ የቁራ አፍ ይመጣልኝ ነበር።

ከ8 እስከ 12 ያለው የቃል ጠብ ነው። ከሞጣ አንድ ሰው ለምን አንግል እላለሁ ብሎ ተቆጣኝ። ዘዌ የሚባል ቃል በአማርኛው የሒሳብ መጽሐፍ ታትሞ ተምረንበታል፣ ምን ነካህ ነው ነገሩ። 9ኛው ማዕዘን ማለት ምን ይጎድለዋል ብሎ ተነሳ። 10ኛው የቆሎ ተማሪ እንደነበረ የተናገረ ሰው ነው፤ የማዕዘን ድንጋይን አነሳ። ማዕዘን ግድግዳ የሚገናኝበት ቦታ ነው፣ ድንጋይ የሚቀመጥበት። ዘዌ ደግሞ በሁለት መስመር መካከል ያለው ክፍተት ነው፣ በዲግሪ የሚለካው። ቦታን ከልኬት አትቀላቅሉ አለ። ጥሩ መለያ ነው። በ11ኛው የቡሬው አናጢ ተመልሶ፣ ሥራ ቦታ ላይ ዘዌ አምጣ ቢባል የሚያቀብል እንደሌለ፣ ስኳድራ (የ90 መለኪያው) ቢባል ግን እንደሚገኝ ተናገረ። 12ኛው የሰውዬው ቤት ዝናብ ሊገባበት ነው፣ እናንተ ቃል ትመርጣላችሁ ብሎ ሁሉንም ገሰጸ። ገሥጾ ሲያበቃ ግን ስለ ዘዌ ሦስት አንቀጽ ጻፈ። እኔም ከዚያ ወዲህ ዘዌ እላለሁ።

13ኛው የመምህሩ ነው። ልብ ብላችሁ አንብቡት። ቬክተር አታምጡብኝ ያልኩትን የሰማኝ እሱ ብቻ ነው። እኔ በከሰል የሲሚንቶ ከረጢት ላይ እየሣልኩ ተከተልኩት።

አንዱን ክንፍ ብቻ መሬት ላይ አንጥፈህ እየው ነው የሚለው። ሥሩ 6 ሜትር የሆነ ጎነ ሦስት ነው። ከሥሩ መሃል እስከ ጫፉ ያለው 3 እና 2 የሠሩት ሃይፖተነስ ነው፤ 3.61። ስፋቱ የ6 እና የ3.61 ብዜት ግማሽ፣ 10.82 ካሬ ሜትር። አሁን ያንኑ ክንፍ አዙረህ የጥጉን ወራጅ ሥር አድርገው። ወራጁ 4.69 ነው። ስፋቱ አልተለወጠም። ስለዚህ ከጎረቤቱ ጥግ ተነስቶ ወራጁን በ90 የሚመታው መስመር 2 ጊዜ 10.82 ሲካፈል ለ4.69 ነው፤ 4.61 ሜትር። በወዲያኛው ክንፍ ላይም ያው 4.61 አለ። ሁለቱ መስመሮች ወራጁ ላይ አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። የሌላው ጫፋቸው የት ነው? ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ጥጎች ላይ። በእነዚያ መካከል ያለው ርቀት ደግሞ የወለሉ ሰያፍ ነው፤ 8.49።

እነሆ 4.61፣ 4.61፣ 8.49 የሆነ ጎነ ሦስት፣ ጣሪያው ሆድ ውስጥ ተኝቶ። እኩል ለሁለት ክፈለው። ሳይኑ 4.24 ለ4.61፣ 0.92 ግድም ነው። ግማሹ ዘዌ 66.9፣ ሙሉው 133.8። የልጁ ቁጥር ያለ ቬክተር ወጣ። ከሰል የያዘ ጣቴን እንደያዝኩ ትንሽ ዝም አልኩ። ሥዕሉ ውስጥ ከመጀመሪያው የነበረ ጎነ ሦስት ነው። እኔ የማየው ግድግዳውን ነበር።

14ኛዋ እንጅባራ የምትኖር እናት ናት። የመምህሩን መልስ ለልጆቿ ለማሳየት ድንች ቆረጠች። የአዊ ድንች ነው፣ ትልልቁ። ሥሩ ሦስት ጣት በሦስት ጣት፣ ቁመቱ አንድ ጣት አድርጋ እንደ ጣሪያዬ ቀረጸችው። መጀመሪያ በቢላዋ አግድም ቆረጠችው፣ ከሥሩ ጋር ትይዩ። የተቆረጠው ፊት አራት ጥግ ሆነ፣ ጥጉም 90። የጎረቤቴ 90 የመጣው ከዚህ ነው። ከዚያ ሁለተኛ ድንች ላይ ጠርዙን በትክክል አቋርጣ፣ ቢላዋውን ለጠርዙ ቀጥ አድርጋ፣ ቆረጠች። አሁን ጥጉ ተከፈተ። በልጇ ፕሮትራክተር ለካችው፣ 135 ሆነ። ቢላዋዋ ስለተንቀጠቀጠ ይቅርታ ጠየቀች። በሦስተኛው ድንች ላይ ደግሞ ሆን ብላ አጣማ ቆረጠች፤ ሌላ ቁጥር መጣ። በሁለት ጠለሎች፣ ማለትም በሁለት ዝርግ ገጾች፣ መካከል ያለ ዘዌ ጠርዙን በ90 ስትቆርጠው ብቻ እውነቱን እንደሚናገር እንደዚያ አድርጎ የሚያሳይ ነገር አላየሁም። ድንቹን ለእራት እንደቀቀለችውም ነግራናለች።

15ኛው የዳንግላ ቆርቆሮ ሠራተኛ ነው። ይህ ሰው ቁጡ ነው። ላሜራ የሚያጥፈው በጣውላና በመዶሻ እንደሆነ፣ 133 ነጥብ 81 የሚባለውን ነጥብ በየትኛው መዶሻ እንደሚመታው ጠየቀ። ቀጥሎ ግን የሚበልጠውን መልስ ሰጠ። የጥጉ ወራጅ ላይ አንድ ነጥብ በከሰል አድርግ። ስኳድራውን ወራጁ ላይ አስደግፈህ፣ በግራና በቀኝ ማገሮቹ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት በ90 አጋድም። በሁለቱ እንጨቶች ሥር ካርቶን አስገብተህ ቅረጽ። ካርቶኑን አምጣልኝ እንጂ ቁጥር አታምጣልኝ። እንጨቶቹን በ90 ካላጋደምክ ካርቶኑ ይዋሻል። 13ኛውንና 14ኛውን ጨርሶ እንዳላነበበ ያስታውቃል። የተናገረው ግን ቃል በቃል ያንኑ ነው። አንድ ነገርም አከለ፣ ያኔ ችላ ያልኩትን፤ ውሃ የሚገባው በዘዌው ስህተት ሳይሆን በቆርቆሮው ሞገድ ሸለቆ በኩል ስለሆነ የላሜራው ክንፍ በየጎኑ ከ20 ሴንቲ እንዳያንስ።

በ16ኛው የቡሬው አናጢ ለስለስ ብሎ ተመለሰ። ቆርቆሮው በጥጉ በኩል በሰያፍ ሲቆረጥ ብዙ ሰው በ45 እንደሚቆርጥና እንደሚሳሳት አስታወሰን። ፕላኑ ላይ 45 ነው። ቆርቆሮው ላይ ግን ታንጀንቱ 3.61 ለ3 ነው፣ ዘዌውም 50.24። አምስት ዲግሪ ለቆርቆሮ ብዙ ነው። አመሰገንኩት፣ ጋሼ ብዬ።

17ኛው ከደጀን ነው፣ ስለ አህያ። መጀመሪያ ሳነበው የተሳሳተ ቦታ የጻፈ መስሎኝ ነበር። ደጀን ከአባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። አያቱ እህል ጭነው ያንን በረሃ ይወርዱና ይወጡ ነበር አሉ። አህያ ዳገት ላይ ቀጥ ብላ አትወጣም። ትጠመዘዛለች። ዳገቱ 30 ዲግሪ ቢሆንና ከቀጥታው መውጫ 60 ዲግሪ ወደ ጎን ብትሄድ፣ ስንት ዲግሪ ነው የምትወጣው? 100 ሜትር ብትሄድ ወደ ላይኛው አቅጣጫ ያገኘችው የኮሳይን 60 ድርሻ ነው፣ 50 ሜትር። ያ 50 ሜትር ደግሞ ከፍታ የሚሰጣት በሳይን 30 ልክ ነው፣ 25 ሜትር። 25 ለ100። ዘዌዋ 14.5 ዲግሪ። ከግማሽ በታች ሆነላት። አያቱ ሳይን ሳያውቁ አህያዋን እንደሚከተሏት ጽፎ ጨረሰ።

18ኛው ጣሪያ ባለበት አህያ ምን ትሠራለች ብሎ ክሩ፣ ይህ የመልሶች ሰንሰለት፣ እንዲዘጋ ጠየቀ። ስድብ ቢጤም ነበረበት። ስድቡን አልደግመውም።

19ኛው መንገድ የሚሠራ መሐንዲስ ነኝ ባይ ነው። የደጀኑ ሒሳብ ስህተት ነው አለ፤ መልሱ 16.1 ነው። ታንጀንት 30ን በኮሳይን 60 አብዝቶ 0.289 አገኘ። ሁለቱ ካልኩሌተር ተማዘዙ። ደጀኑ መሐንዲሱን ወረቀት ላይ እንጂ በረሃ ላይ አልሄድክም አለው፤ መሐንዲሱም ደጀኑን አህያህን ጠይቃት አለው። ይህ ሁሉ በአንድ ቁጥር ሥር ነው፣ እየተቀባበሉ።

20ኛው፣ እንደተለመደው፣ መምህሩ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ደጀኑ 60ውን የለካው ዳገቱ ገላ ላይ ነው፣ አህያዋ በምትረግጠው መሬት ላይ። መሐንዲሱ የለካው ካርታ ላይ ነው። አንድ አህያ፣ ሁለት 60። ገላው ላይ ከለካህ ሳይንን በኮሳይን ታበዛለህ፣ ካርታው ላይ ከለካህ ታንጀንትን በኮሳይን።

21ኛው የባሕር ዳሩ ልጅ ነው። ሰላምታ ሰጠ፤ ይህ ለውጥ ነው። ከዚያ የመሐንዲሱን ደንብ በእኔ ጣሪያ ላይ ሞከረው። ክንፉ 33.69 የሚነሳ ዳገት ነው። ታንጀንቱ 0.667። የጥጉ ወራጅ ካርታው ላይ፣ ማለትም ፕላኑ ላይ፣ ከቀጥታው መውጫ 45 ይርቃል። ኮሳይን 45፣ 0.707። ብዜቱ 0.471። ይህ የ1ኛው መልስ ቁጥር ነው፤ 25.24 ዲግሪ። የጥጉ ወራጅ ማለት ክንፌ ላይ ወደ ጎን የምትወጣ አህያ ናት።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስልኩን ይዤ ወጥቼ ወራጁን አየሁት። ከዚያ በኋላ አህያ ሆኖ ነው የሚታየኝ። የቡሬው አናጢ ለልጁ አንበሳ ብሎ ጻፈለት። 18ኛው ግን ጠፋ፣ ክሩ ይዘጋ ያለው።

22ኛው የጎጆ ቤት ናፋቂ ነው። ክብ ቤት ላይ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፤ ወራጆቹ ሁሉ አንድ ዘዌ አላቸው፣ የጥግ ወራጅ የለ፣ ላሜራ የለ። እውነት ነው። የክቡ ስፋት 6 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ቢሆን ሁሉም 45 ናቸው። 23ኛው ሣር ውሃ እንዲያንሸራትት ሾጠጥ ማለት ስላለበት እንጂ ቆርቆሮ ለጥ ባለውም እንደሚበቃው አስረዳ። 24ኛው ስለ ሣር ውድነት አማረረ። ስለ ጠላም ተነሳ። ጣሪያው ሲያልቅ ሁላችሁም ተጠርታችኋል አልኩ።

በ25ኛው አንድ ሰው እንቆቅልሽ ጣለ። ስድስት ፊቱ እኩል የሆነ ሣጥን ላይ፣ ከአንድ ጥግ ተነስተው በሁለት ፊቶች ላይ የሚሄዱ ሁለት ሰያፎች በመካከላቸው ስንት ዘዌ አላቸው? 26ኛው 90 አለ። 27ኛው 45፣ ከእነ መሐላው። በ28ኛው የእንጅባራዋ እናት ተመለሰች። ሌላ ድንች ነው። ሣጥን አድርጋ ቀረጸችና አንዱን ጥግ ሸረፈችው፣ ቢላዋው በሦስት ጎረቤት ጥጎች ላይ እንዲያልፍ አድርጋ። የተሸረፈው ፊት ሦስት ጎኑ እኩል የሆነ ጎነ ሦስት ነው፤ ሦስቱም የፊት ሰያፎች ናቸውና። ስለዚህ 60። ካልኩሌተር አልነካችም። 27ኛው መሐላውን አልሰረዘም።

29ኛው ቀያሽ ነው። ሥሩ የማይደረስበት፣ ቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ ያለ ጥድ ከፍታ እንዴት እንዳወቀ ነገረን። ከደቡብ ቆሞ ጫፉን በ45 አየው። ከምሥራቅ ቆሞ በ30። በሁለቱ መቆሚያዎች መካከል 40 ሜትር ነው። ዛፉ 20 ሆነ። በ45 ሲታይ ርቀቱ ከፍታውን ያህላል፤ በ30 ሲታይ የከፍታው 1.73 እጥፍ ነው። ሁለቱ ርቀቶች ዛፉ ሥር በ90 ይገናኛሉና በፓይታጎረስ የመቆሚያዎቹ ርቀት የከፍታው ሁለት እጥፍ ይወጣል። ደስ ይላል። የራሱን ዓይን ከፍታ መጨመር ግን ረስቷል።

30ኛው ከቢቸና ነው፣ ቤቱ 8 በ6። አራቱም ክንፎች እንደ እኔው በ33.69 ከተነሱና መሃል ላይ 2 ሜትር የሚረዝም አግድም አናት ከቀረ፣ የእኔን ቁጥሮች እንዳሉ እንዲወስድ እኔው መለስኩለት። ጥጉ ፕላኑ ላይ ያው 45 ነው። አራቱን ወደ አንድ ጫፍ ከሳባቸው ግን ሁለቱ ክንፎች 2 ለ3፣ ሁለቱ 2 ለ4 ስለሚሆኑ እንደ አዲስ ይጀምራል። ተማሪ ሆኜ ገብቼ ማስተማር ጀመርኩ ማለት ነው።

ቅዳሜ ከእህቴ ልጅ ጋር ጣሪያ ላይ ወጣን። ጫፉን ስንለካው 2 ሜትር አይደለም፤ 1.97 ነው። ሰያፎቹም እኩል አልነበሩም፤ በ7 ሴንቲ ይለያያሉ። ቤቴ ትንሽ ተጣማለች። በወረቀት ስሠራው ልዩነቱ አንድ ዲግሪ አይሞላም። ስኳድራውን አስደግፈን ሁለቱን እንጨቶች አጋደምን። ልጁ ካርቶኑን ያዘ፣ እኔ ቀረጽኩ። ፕሮትራክተር ስናስቀምጥበት 134ን ነካ። አራት ካርቶን አራት ጥግ ላይ አዟዟርን፣ በዓይን የሚለይ አልነበረም። ላሜራ የሚያጥፈው ሰውዬ ካርቶኑን ተቀብሎ ሲያየው ምንም አልጠየቀኝም። ቁጥሩን ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር፣ ተውኩት።

ማክሰኞ ሌሊት የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ መጣ። አራቱም ጥግ ሥር ድስት አስቀምጬ ነበር። ጠዋት ሦስቱ ደረቅ ናቸው። አራተኛው ላይ ላሜራ አልቆብኝ ክንፉን 12 ሴንቲ ብቻ ነበር ያስደረግሁት። የድስቱ ቂጥ ረጥቧል። ለዳንግላው ሰው ስንት ሴንቲ እንዳደረግሁ ጻፍኩለት። ቃል አልመለሰም። አውራ ጣት ብቻ ላከ።